ያጠናችሁት ፈተና ላይ እንዳይጠፋችሁ፦ በፍንጭ የማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ደብተሩን ሦስት ጊዜ ያነበበ፣ በቀለም ያሰመረ፣ ሾርት ኖት ያወጣ ተማሪ ጥያቄው ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ከአዳራሽ ሲወጣ ጓደኛው አንዲት ቃል ጣል ስታደርግለት፣ «ውይ! አውቀው ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያውቀው ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ወደ ዕውቀቱ የሚያደርሰው መነሻ ነው። ይህን መነሻ እዚህ ፍንጭ እንለዋለን።

በ1966 (የጥናቶቹ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤንደል ተልቪንግ እና ዚና ፐርልስቶን የተባሉ ተመራማሪዎች በየዓይነታቸው የተመደቡ ቃላትን ለተማሪዎች አስጠኑ። ከዚያ ግማሾቹን «የምታስታውሱትን ጻፉ» ብቻ አሏቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ የምድቦቹን ስም ሰጧቸው። የምድብ ስም ያገኙት በጣም ብዙ ቃላት አስታወሱ። ሁሉም ያጠኑት አንድ ነው፣ የተለየው ሲጠየቁ የተሰጣቸው ፍንጭ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ፈተናም ያው ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ችግራችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ትናንት ያጠናችሁትን አንድ ምዕራፍ ምረጡ። ደብተሩን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ ለ5 ደቂቃ የሚመጣላችሁን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ አስተያዩ።

- ያልጻፋችሁት ክፍል አሁን ሲነበብም እንግዳ ከሆነባችሁ፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ አልገባችሁም። ካርድም ሆነ ክለሳ አያድናችሁም። ወደ መምህር ወይም ወደ መማሪያ መጽሐፉ ተመለሱ።
- «አዎ፣ ይሄንን አውቀዋለሁ» እያላችሁ ካነበባችሁት ግን ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ነገሩ ገብቷችኋል፣ መውጫ ግን የለውም። ከደረጃ 1 ጀምሩ።
- ጽፋችሁ ግን ካደባለቃችሁት (የአንዱን ዓመት ለሌላው ከሰጣችሁ)፣ ደረጃ 4 ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ።

ይህን ሙከራ አትዝለሉት። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ደጋግሞ ሲያነብ የሚሰማውን የመለመድ ስሜት እንደማወቅ ስለሚቆጥረው ነው። ዓይን የለመደው ገጽ ደብተሩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤ4 ወረቀት። አንዱን ሉክ ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል፤ 50 ሉክ 400 ካርድ ይሆናል።
- አራት ፖስታ። በላያቸው «ዛሬ»፣ «ከ3 ቀን በኋላ»፣ «ከሳምንት በኋላ»፣ «ከ3 ሳምንት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ።
- ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች፣ ቢያንስ የ3 ዓመት።
- እስክሪብቶና ብዙ ባዶ ወረቀት። ማድመቂያ ቀለም አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ፈተናው የሚሰጣችሁን ፍንጭ እወቁ

ተልቪንግ ከዶናልድ ቶምሰን ጋር በ1973 ያስቀመጠው መርህ አለ፦ አንድ ፍንጭ የሚሠራው ነገሩ በተጠና ጊዜ አብሮ ከተያዘ ነው። ምንም ያህል ግልጽ ቢመስል፣ ስታጠኑ ያልነበረ ፍንጭ ስትፈተኑ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ካርድ ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄው በምን መልክ እንደሚመጣ ማወቅ አለባችሁ።

1. ካለፉት ፈተናዎች የአንድ ምዕራፍ ጥያቄዎችን ብቻ ለዩ።
2. መልሱን ተዉት። በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ መነሻ የሆነውን ነገር አስምሩ፦ ሁኔታ ነው? ሥዕል ነው? ቁጥር ነው? ትርጉም ሰጥቶ ስሙን ነው የሚጠይቀው ወይስ ስሙን ሰጥቶ ትርጉሙን?
3. ቁጠሩ። ለምሳሌ ከ20 ጥያቄ 14ቱ ሁኔታ ገልጸው ስም የሚጠይቁ ከሆኑ፣ ካርዶቻችሁም በዚያው አቅጣጫ ይሁኑ።

አቅጣጫው ትልቅ ነገር ነው። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር ተማሪ፣ «ዘቢብ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ የሚያብጠው በምን ምክንያት ነው?» ሲባል ሊደነዝዝ ይችላል። ከስም ወደ ትርጉም የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነው የጠረገው።

*ማስጠንቀቂያ፦ ቋንቋም ፍንጭ ነው።* ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ግን የሚገባው መምህሩ በአማርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያስረዳው ነው። ቪዮሪካ ማሪያን እና ኡልሪክ ናይሰር በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች በሩሲያኛ ሲጠየቁ በሩሲያኛ ያሳለፉትን፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያሳለፉትን ይበልጥ አስታውሰዋል። በአማርኛ መረዳቱን አትተዉ፣ መረዳት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ ግን ፈተናው በሚጠይቅበት ቋንቋ ይሁን። (እዚህ ምሳሌዎቹን በአማርኛ የጻፍናቸው ለማስረዳት ነው።)

ደረጃ 2፦ ካርዱን ጻፉ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው ወይም የሚቃናው እዚህ ነው። አንድ መጥፎ ካርድ እንይ፦

ፊት፦ ሚዮሲስ።
ጀርባ፦ ከደብተር የተገለበጠ ስድስት መስመር።

ይህ የደብተር ቁራጭ እንጂ ካርድ አይደለም። አንድ ፍንጭ ስድስት መልስ ተሸክሟል፤ ሦስቱ ይመጣሉ፣ ሦስቱ ይቀራሉ፣ እናንተም «አውቄዋለሁ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ያንኑ ገጽ እንዲህ በትኑት፦

- ፊት፦ 46 ክሮሞሶም ያለው ሴል ተከፍሎ 4 ሴሎች ሰጠ፤ እያንዳንዳቸው 23 ክሮሞሶም አላቸው። የትኛው ክፍፍል ነው? ጀርባ፦ ሚዮሲስ።
- ፊት፦ ቁስል ሲጠግግ የቆዳ ሴል ይከፈላል። የትኛው ክፍፍል ነው? ጀርባ፦ ሚቶሲስ።
- ፊት፦ ክሮሲንግ ኦቨር የሚካሄደው በየትኛው ደረጃ ነው? ጀርባ፦ ፕሮፌዝ 1።
- ፊት፦ የክሮሞሶም ቁጥር በግማሽ ባይቀንስ ኖሮ በሚወለደው ልጅ ላይ ምን ይሆን ነበር? ጀርባ፦ በየትውልዱ ቁጥሩ እጥፍ ይሆን ነበር።

ደንቦቹ፦

1. አንድ ካርድ፣ አንድ መልስ። ከ10 ቃል በላይ የሆነውን መልስ ክፈሉት።
2. ከአምስት ካርድ ቢያንስ አንዱ «ለምን» ወይም «ባይሆን ኖሮ» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያት ብዙ ነገር በአንድ ላይ ያያይዛል፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው በኩል ይደረስበታል።
3. በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ቲሞ ማንቲላ የተባለ ተመራማሪ በ1986 ባሳተመው ሙከራ ተሳታፊዎቹ ከ500 በላይ ቃላት ቀርበውላቸው ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መግለጫ ራሳቸው ጻፉ። በኋላ የገዛ መግለጫቸው ሲሰጣቸው ከ10 ቃል ወደ 9ኙ አስታወሱ። የሌላ ሰው መግለጫ የተሰጣቸው ግን በብዙ ያንሱ ነበር።
4. በቀን ከ25 አዲስ ካርድ አትለፉ። 60 የጻፈ ተማሪ በአራተኛው ቀን ክለሳው ተራራ ሆኖበት ፖስታውን ይተወዋል።

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወር የተዘጋጀ ካርድ ስታገኙ አውርዳችሁ ልትጠቀሙበት ትፈልጉ ይሆናል። ራሳችሁን ለመፈተን ያገለግላል። የገዛ ካርዳችሁን ግን አይተካም፤ ምክንያቱም ፍንጩን የፈጠረው ሌላ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ ዘግታችሁ አውጡ

በ2006 ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። አንዱ ቡድን እንደገና አነበበ፣ ሌላው ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በጥቂቱ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት የያዙት 42 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ ገደማ ነበር። ማንበብ ለዛሬ ማታ ይበቃል፣ ለፈተናው ቀን አይበቃም።

1. ካርዶቹን በውዙ። ሁሌም በአንድ ቅደም ተከተል ከያዛችሁ፣ የፊተኛው ካርድ የኋለኛውን ይጠቁማችኋል። ፈተናው ላይ ያ ፊተኛ ካርድ የለም።
2. ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትገለብጡ ቢያንስ 10 ሴኮንድ ቆዩ። መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ ወይም ጻፉ። «በልቤ አውቄዋለሁ» አይቆጠርም።
3. ገልብጣችሁ አረጋግጡ። ከተሳሳታችሁ ትክክለኛውን አንዴ ተናገሩና ካርዱን ከ5 ወይም ከ6 ካርድ በኋላ አስገቡት፤ ወዲያው አትድገሙት። ወዲያው የሚደገም ካርድ ከአፍ ሳይወርድ ነው የሚመለሰው።
4. አንድ አዲስ ካርድ በመጀመሪያው ቀን 3 ጊዜ በትክክል ሲመለስ ለዚያ ቀን ይበቃዋል።

*የሚበላሽበት መንገድ፦* ጥጉ የተቀደደው ወይም ሻይ የፈሰሰበት ካርድ «ሪቦሶም» መሆኑን እጃችሁ ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ሳታነቡ ትመልሱታላችሁ። ፍንጩ ቅዳጁ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ካርድ ቀዳችሁ ጣሉና ጥያቄውን በሌላ አገላለጽ በአዲስ ካርድ ጻፉት።

*ሌላው፦* ቾይዝ ጥያቄ ሠርታችሁ መልሱን ሳታዩ አትደሩ። የተሳሳተው ምርጫ «ያየሁት ነገር» ሆኖ ይቀመጥና በሚቀጥለው ጊዜ ትክክል መስሎ ይመጣል። በዚያው ቀን አርሙ።

ደረጃ 4፦ የተጨናነቀውን ፍንጭ አቅልሉ

አንድ ፍንጭ ብዙ ነገር ሲታሰርበት እያንዳንዱን የመጥራት ኃይሉ ይደክማል። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ታሪክ የሚያጠኑትን ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

«የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ጦርነቶች» የሚለውን ውሰዱ። ጉንደት፣ ጉራ፣ ዶጋሊ፣ መተማ። አራቱም በአንድ ርዕስ፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ንጉሥ ሥር ተጠንተዋል። ጥያቄው «በዶጋሊ የተሸነፈው ማን ነው?» ሲል፣ ርዕሱ አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳቸውና ግብፅ፣ ጣሊያንና መሐዲስት ይጋፋሉ። ተማሪው ሁሉንም ያውቃል፣ ግን አንዱን ነጥሎ ማውጣት አይችልም።

እንዲህ ፍቱት፦

1. የሚጋጩትን ባዶ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከርዕሱ ውጪ ለእያንዳንዱ የብቻው የሆነ ነገር ፈልጉ፦
   - ጉንደት፣ ኅዳር 1875፣ ከግብፅ ጋር፤ የመጀመሪያው።
   - ጉራ፣ መጋቢት 1876፣ ያው ግብፅ በጥቂት ወራት ልዩነት ተመልሳ።
   - ዶጋሊ፣ ጥር 1887፣ ከጣሊያን ጋር፤ ራስ አሉላ።
   - መተማ፣ መጋቢት 1889፣ ከመሐዲስቶች ጋር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበት።
2. ለያንዳንዱ የብቻ ነገሩን ፊት ላይ አድርጋችሁ ካርድ ጻፉ፦ «ራስ አሉላ የመሩት፣ በጣሊያን ላይ የተገኘ ድል፣ 1887?»
3. ለሚጋጩት ሁለቱ (ጉንደትና ጉራ) የልዩነት ካርድ ጨምሩ፦ «ሁለቱም ከግብፅ ጋር ነበሩ። የቀደመው የትኛው ነው?»
4. የሚጋጩትን በአንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አታጥኑ። አንዱ ሲጸና ሌላውን በማግስቱ አስገቡ። ሁለቱም ከጸኑ በኋላ ግን ሆን ብላችሁ ቀላቅላችሁ ተፈተኑ።

*የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ፦* ከላይ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ በእንግሊዝኛው ፈተና የሚመጡትም እነሱ ናቸው። ከልጅነታችሁ የምታውቁት ዐድዋ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ፈተናው ላይ 1896 ሆኖ ይመጣል። ሁለቱን ዓመት ያለ ምልክት አንድ ካርድ ላይ አትጻፉ። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ለሁሉም ካርድ በዚያ ጽኑ፤ መቀየሪያው አንድ ካርድ ይበቃዋል፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ጉንደት ኅዳር 1868 ነው፣ 7 ሲደመር 1875። ዶጋሊ ጥር 1879 ነው፣ 8 ሲደመር 1887።

ደረጃ 5፦ ለመርሳት ጊዜ ስጡ

ዛሬ ሦስት ጊዜ በትክክል የተመለሰ ካርድ ወደ «ከ3 ቀን በኋላ» ፖስታ ይገባል። ያኔ ከተመለሰ ወደ «ከሳምንት»፣ ቀጥሎ ወደ «ከ3 ሳምንት» ይለፍ። በየትኛውም ቦታ ከወደቀ ወደ «ዛሬ» ይመለስ። ለ3 ቀን ያረፈ ካርድ ሲከብዳችሁ አትደንግጡ፤ ሳይረሳ ቀርቶ በቀላሉ ከወጣ ብዙም አልጠቀማችሁም፣ ታግላችሁ ስታወጡት ነው መንገዱ የሚጠረገው።

ከግማሽ በላይ ካርዶቻችሁ 3ኛው ቀን ላይ ከወደቁ ክፍተቱን ወደ 1 ቀን አጥብቡ። ፈተናው 10 ቀን ብቻ ከቀረው የ3 ሳምንቱን ፖስታ ተዉት፤ በ1፣ በ3 እና በ7 ቀን ከልሱ።

ደረጃ 6፦ ቦታውን ቀያይሩ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ርቆ በማያውቀው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊፈተን ይችላል። ያጠናበት ክፍል፣ ጠረጴዛው፣ የመስኮቱ ብርሃን አብረውት አይሄዱም። ስቲቨን ስሚዝ እና ባልደረቦቹ በ1978 ባሳተሙት ሙከራ፣ 40 ቃላት በአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ያጠኑ ሰዎች በሦስተኛ ክፍል ሲፈተኑ 16 ያህል፣ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያጠኑት ደግሞ 24 ያህል አስታወሱ።

ስለዚህ አንድን ምዕራፍ ቢያንስ በሁለት ቦታ ከልሱት፦ አንዴ ቤት፣ አንዴ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዛፍ ሥር። አንድ ጊዜ ደግሞ ቁርስ በልታችሁ፣ ጠዋት በፈተናው ሰዓት፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሙሉ ፈተና ሥሩ። በግቢው እንግድነት ግን ከልክ በላይ አትጨነቁ፤ ጥያቄው ውስጥ ጠንካራ ፍንጭ ካለ የክፍሉ ተጽዕኖ ይደበዝዛል። ደረጃ 2ን እና 4ን በደንብ የሠራ ሰው ክፍሉ ብዙ አይጎዳውም።

የሰውነት ሁኔታም ፍንጭ ነው። ይህ በአልኮል ላይ ተፈትኖ የታየ ነው፦ በአንድ ሁኔታ የተያዘ ነገር በሌላው ሁኔታ ለመውጣት ይከብዳል። በጫት ሌሊቱን አንግቶ ያጠና ተማሪ ጠዋት አዳራሽ የሚገባው በሌላ ሰውነትና ባልተተኛ ራስ ነው። እንቅልፍ የተያዘው የሚጸናበት ጊዜ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች አዲስ ምዕራፍ አትክፈቱ፣ ተኙ።

ደረጃ 7፦ አዳራሽ ውስጥ ሲጠፋባችሁ

1. ቾይዝ ከሆነ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። መጀመሪያ ከራሳችሁ አውጡ፣ ከዚያ ግለጡ። ተመሳሳይ ምርጫዎች ቀድመው ከታዩ መልሳችሁን ይጋርዱታል።
2. ካልመጣ ፍንጩን ራሳችሁ አብዙ፦ ከየትኛው ምዕራፍ ነው? ተቃራኒው ምንድን ነው? ከእሱ በፊት ምን መጣ? ማን ሠራው?
3. አሁንም ካልመጣ ያጠናችሁበትን ቦታ በዓይነ ህሊናችሁ ሣሉ፦ የት ተቀምጣችሁ ነበር፣ ካርዱ ላይ ጽሑፉ እንዴት ነበር። ይህ ብቻውን እንኳ ያጠኑበት ክፍል ውስጥ የመመለስን ያህል እንደሚረዳ በሙከራ ታይቷል።
4. ቃሉ አፋችሁ ላይ ደርሶ እምቢ ካለ የመጀመሪያ ድምፁን ፈልጉ፤ ከኤ ጀምራችሁ ፊደሎቹን በዝግታ ጥሩ።
5. የተሳሳተ ስም እየደጋገመ ከመጣባችሁ አቁሙ። በታገላችሁ ቁጥር የሚጠነክረው እሱ ነው። ከ90 ሴኮንድ በላይ አትቆዩ፤ ዝለሉትና ሦስት ወይም አራት ሌሎች ጥያቄዎች ሠርታችሁ ተመለሱ። አንዳንዴ የሌላ ጥያቄ ቃል ራሱ ፍንጭ ይሆናል።
6. ስትዘሉ የጥያቄውን ቁጥር በጥያቄ ወረቀቱ ኅዳግ ላይ ክበቡ፣ የመልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ረድፍ ባዶ ተዉት። ቀጣዩን መልስ ከማጥቆራችሁ በፊት የሁለቱን ቁጥር አመሳክሩ፤ ረድፉ አንዴ ከተዛነፈ ከዚያ በታች ያለው ትክክለኛ መልስ ሁሉ በስህተት ይታረማል።